ከኮዬ ፈጬ ሆኖ በጽሑፍ ሥራ መተዳደር፦ ልቀጥል ወይስ ወደ ደመወዝ ልመለስ?

የኮዬ ብዕር
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ስድስት ዓመት ካገለገልኩ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሥራዬን ለቀቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሙሉ የማንም ተቀጣሪ ሳልሆን በጽሑፍ ሥራ ብቻ ነው የምተዳደረው። የሥልጠና መመሪያዎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች የተጠቃሚዎችን ታሪክ እጽፋለሁ፣ አልፎ አልፎም የሬዲዮ ማስታወቂያ ይታዘዘኛል።

ሥራ አጥቼ አይደለም የምጽፈው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተቀመጥኩ እንኳ አልደርስልህ ብሎኝ ሁለት ሥራ ለጓደኛ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን ስልኬ ጭጭ አለ። ነሐሴም እንዲሁ አለፈ። መስከረም ላይ የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ከባለቤቴ ደመወዝ ላይ ተነሥቶ ተከፈለ፤ እርሷ አንድም ቃል አልተናገረችም፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝ ነው። ስሙን ለማልጠቅሰው ድርጅት 120 ገጽ የሆነ መመሪያ ተርጉሜ ነበር፤ የተስማማነው በአፍ፣ በገጽ 250 ብር ነው። 30,000 ብር አገኛለሁ ብዬ አምስት ሳምንት ሠራሁ። ስጨርስ የተቆጠረው የአማርኛው ገጽ ሆነና 84 ገጽ ብቻ ነው ተባልኩ፤ 21,000 ብር ማለት ነው። ቼኩን ለመቀበል ከኮዬ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሜክሲኮ እየተሳፈርኩ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ቀን ሒሳብ ሹሟ መስክ ወጥታለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ማኅተም የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። በአራተኛው ቀን የተሰጠኝ ቼክ የ14,700 ብር ነበር። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ስላላቀረብኩ 30 በመቶ ተቀንሶ ነው አሉኝ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቼኩን ደጋግሜ አነበብኩት፤ «አሥራ አራት ሺህ ሰባት መቶ ብር ብቻ» ይላል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ማንም ሌላ ቁጥር እንዳይጨምርበት የምትጻፍ መሆኗን አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ለእኔ ተብላ የተጻፈች መሰለችኝ።

አሁን ከድሮው ጋር የሚመሳሰል የቢሮ ሥራ ቀርቦልኛል። መልስ የምሰጠው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆያችሁ፣ በተለይ ከከተማው ዳር የምትኖሩ፣ እንዴት ነው ከወር ወር የምትደርሱት?

ተርጓሚው ከሰበታ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡55

ወንድሜ፣ ስለ ደመወዙ ከመወሰንህ በፊት ሒሳቡን አብረን እንየው። ካሰብከው ላይ የጎደለው 15,300 ብር ነው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የጎደለው ሥራህ ስለረከሰ ሳይሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት መነገር የነበረባቸው ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ ስለቀሩ ነው። ሁለተኛውን ለሒሳብ አዋቂዎቹ ትቼ የመጀመሪያውን ልንገርህ።

አማርኛ ብዙ ነገር በአንድ ቃል ይጠቀልላል። እኛ «ስላልነገርኳቸው» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛው በስድስት ቃል ነው የሚለው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ የቃላቱ ቁጥር ያንሳል፤ በእኔ ልምድ አንድ ሺህ የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ሰባት መቶ ገደማ ይወርዳል። የአንተም 120 ገጽ 84 የሆነው በዚሁ ምክንያት ነውና ሰዎቹ አጭበረበሩህ ማለት አይቻልም። የደከምከው ግን ለ120ው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በአማርኛው ቁጥር የሚዋዋል ተርጓሚ አጥርቶና አሳጥሮ በጻፈ መጠን ራሱን መቅጣቱ ነው፤ ይህን ለማካካስ በየአንቀጹ «ከዚህም በተጨማሪ» እና «እንደሚታወቀው ሁሉ» እየጨመረ ጽሑፉን እንደ ቅንጬ የሚያበዛ ሰው አጋጥሞኛል።

እኔ ከየትኛውም ወደ የትኛውም ስተረጉም የምቆጥረው እንግሊዝኛውን ነው፤ ዋጋውም በገጽ ሳይሆን በቃል ነው። ፋይሉ ሲደርሰኝ ኮምፒውተሩ የቆጠረውን ቁጥር፣ የአንዱን ቃል ዋጋና ድምሩን በአንድ አጭር መልእክት ጽፌ እልካለሁ፤ ደንበኛው «ተስማምቻለሁ» ብሎ ካልመለሰ አንድ መስመር አልነካም። ገጽ የሚሉት መለኪያ እምነት አይጣልበትም። በኒያላ የፊደል ዓይነት በ12 መጠን የተጻፈ 84 ገጽ የፊደሉ ዓይነትና የመስመሩ ክፍተት ሲቀየር 70ም 100ም ሊሆን ይችላል። በፊደል ነገር ከተነሣ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ሰነድ «አሻሽልልኝ» ተብሎ ሲላክልህ ከመቀበልህ በፊት ክፈተው፤ ያ የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ መመለሱና የተበላሸውን ማረሙ ራሱን የቻለ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በነፃ ሠርቼዋለሁ። ሁለተኛ አልሠራሁትም።

ስለ መንገዱም አንድ ነገር ልበል። ከሰበታ መሐል ከተማ ደርሶ መመለስ ለእኔ ግማሽ የሥራ ቀን ነው፤ ለአንተም ከኮዬ ያው ነው። «ብቅ በልና እናውራ» የሚል ደንበኛ ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያውን ጊዜ በደስታ እሄዳለሁ፣ ፊት ለፊት መተያየት ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነውና። ከዚያ በኋላ ግን በስልክ ነው፤ ክፍያውም በባንክ ሒሳቤ እንዲገባ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ አስቀምጣለሁ።

የሒሳብ ሰው
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡15

ስለ 30 በመቶው እኔ ልመልስ። ድርጅቱ የፈጸመው ሕጉን ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ድርጅቶች ለአገልግሎት ከሚከፍሉት ላይ ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ያዛል፤ አገልግሎት ሰጪው መለያ ቁጥሩንና ንግድ ፈቃዱን ካላቀረበ ተቀናሹ ወደ 30 በመቶ ከፍ ይላል። ተመዝግቦ የሚሠራ ሰው የሚቀነስበት ግን ጥቂት መቶኛ ነው፤ እርሱም ቢሆን የቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ ደረሰኙን ካስቀመጡ በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግብዎት ግብር ላይ ይታሰብልዎታል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የዘመኑን መጠን ከሚመዘገቡበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይያዙ። ፈቃድ አውጥቶ ሥራ የለኝም ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ገቢ ባይኖርም በወቅቱ ማሳወቅና ፈቃዱን ማደስ ግዴታ ነው፣ ያለዚያ ቅጣቱ ከገቢው ይበልጣል።

ሐምሌ ላይ ስልክዎ ጭጭ ያለበትን ምክንያት ከእርስዎ ችሎታ ጋር አያገናኙት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ነው የሚዘጋው። በግንቦትና በሰኔ ጊዜው ያለቀበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያልተጠቀመበትን በጀት ለመጨረስ ይሯሯጣል፤ የትርጉሙም፣ የመጽሔቱም፣ የሪፖርቱም ትእዛዝ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲሱ በጀት ገና ተደልድሎ ስላልወረደ ማንም እጁን አይዘረጋም። ሒሳባቸውን በፈረንጆች አቆጣጠር የሚዘጉት የውጭ ድርጅቶች ደግሞ ጥድፊያቸው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ነጋዴው ለእንቁጣጣሽ የሚያስነግረው ማስታወቂያ የሚጻፈው ነሐሴ ላይ መሆኑን ካሰቡ፣ የክረምቱን ጉድጓድ በከፊል የሚሞላልዎ እርሱ ነው። የአሥራ አራቱን ወር ገቢ በወር በወር ጽፈው ቢያዩት ነገሩ ወለል ብሎ ይታይዎታል።

የጣፎዋ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ የምተዳደረው በሌላ ዓይነት ጽሑፍ ስለሆነ ከሌላ በኩል ልግባ። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ የእድራችን ዳኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በራችንን አንኳኩተው «ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጻፊልን» አሉኝ። ልጆቻቸው እያለቀሱ የነገሩኝን በአንድ ደብተር ላይ ይዤ ሌሊቱን ጻፍኩ። ለለቅሶ የተጻፈ አይከፈልበትም፣ እኔም አስቤው አላውቅም፤ እስከ ዛሬ በነፃ ነው የምጽፈው። ነገር ግን ያንን የሰማ ሌላ ቤተሰብ ለአባታቸው ሙት ዓመት መጽሐፍ እንድጽፍላቸው ፈልጎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ወጥቼ አላውቅም፤ አንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ይመራኛል። ሰው በዓመት ሁለት እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ካገኘ ሌላው ሥራ ድጎማ ነው የሚሆነው።

ቢሆንም የመጀመሪያው መጽሐፍ ሊገድለኝ ነበር። ወንድማማቾቹ ሦስት ናቸው። ታላቅየው የአባታቸው ሁለተኛ ትዳር እንዲወጣ ይፈልጋል፤ መካከለኛው ይግባ ይላል፤ ታናሽየው ካናዳ ሆኖ በየሌሊቱ አዲስ እርማት ይልካል። አንድ ምዕራፍ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ። አሁን ውሌ ላይ ሦስት ነገር ሳላሰፍር አልጀምርም፤ ጽሑፉን አይቶ የሚያጸድቀው ሰው አንድ ብቻ እንዲሆንና ስሙ እንዲጻፍ፣ እርማቱ ሁለት ዙር ብቻ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት እንዲከፈል፣ ክፍያውም ሲሶው ከመጀመሬ በፊት፣ ሲሶው የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርሳቸው፣ የቀረው ደግሞ የመጨረሻው ፋይል ከመተላለፉ በፊት እንዲሆን። ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ እኔ «ሰው ቤቱን ሲያሠራ ለአናጢው ቀብድ ይሰጥ የለ» እያልኩ ነው የተላመድኩት።

የመብቱን ነገርም እንዳትዘነጋው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአዛዡ ነው። ስለዚህ የጻፍከው ታሪክ ነገ በሬዲዮ ቢተረክ ወይም ሁለተኛ ቢታተም ምንም የምትጠይቀው የለህም፤ ድርሻ ከፈለግህ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ማስገባት ነው። እኔ ለቤተሰብ መጽሐፍ አልጠይቅም፤ ለሬዲዮ ድራማ ግን ጠይቄ አግኝቻለሁ።

ቁርጡን ተናጋሪ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁም ደኅና መክራችኋል፤ እኔ ግን የቢሮውን ሥራ ያዝ ነው የምለው። ልጅ ያለው ሰው የሐምሌን ረሃብ በአዋጅ ቁጥር አያልፈውም። በዚህ አገር ስማቸውን የምናነሣቸው ደራስያን በደመወዝ ነበር የኖሩት፤ ሀዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባልደረባ ነበር። በሌሊት ጻፍ፤ ከደንበኞችህ ሁለቱን ምርጦቹን ብቻ ይዘህ ቆይ። በዓመት ውስጥ እነዚያ ሁለቱ ከደመወዝህ ጋር የሚስተካከል ከከፈሉህ ያኔ ልቀቅ።

ተርጓሚው ከሰበታ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡30

የደራስያኑ ምሳሌ እዚህ አይገባም፤ እነርሱ የኖሩት ለራሳቸው የሚጽፉትን ለመጻፍ ነው፣ ወንድማችን ግን የጠየቀው ለሌላ ሰው ስለሚጻፈው ነው። የሥልጠና መመሪያ የሚተረጉም ሰው ከልብስ ሰፊ አይለይም፤ መርፌውና መቀሱ በእጁ ነው፣ ልኩን አስቀድሞ መውሰድ ብቻ ነው የቀረው። በደመወዝ ሆኖ በሌሊት መሥራቱን ግን አልቃወምም፤ እኔም አራት ዓመት እንደዚያ ሠርቻለሁ፣ ዓይኔን የከፈልኩበት ቢሆንም።

ቀይ እርሳስ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4፡05

የአርታኢ ነገር ልጨምር፤ ማንም ስላላነሣው ይገርመኛል። በዚህ ዓመት ከሚመጡልኝ ሥራዎች ብዙዎቹ ማሽን የተረጎማቸው ናቸው። ደንበኛው ጽሑፉን በነፃ አስተርጉሞ «ትንሽ እርማት ብቻ ነው የሚፈልገው» ብሎ በሩብ ዋጋ ይልከዋል። ባለፈው ወር ለአረጋውያን የሚታደል የስኳር በሽታ መግለጫ ደረሰኝ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «መድኃኒትህን ውሰድ፣ እግርህን ታጠብ» ይላል። እንግሊዝኛው አንተና እርስዎ ብሎ አይለይማ! ማሽኑም በየአንቀጹ የመሰለውን ይመርጣል፤ አንዱ ገጽ ላይ ሽማግሌውን «አንተ» ሲል፣ ሌላው ገጽ ላይ ያንኑ ሰው «አንቺ» ይለዋል። ይህን ማረም ግሦቹን ሁሉ መንካት ነው፤ አንዱ ሲቀየር ባለቤቱም ተሳቢውም አብሮ ይቀየራል። ከባዶ ከመተርጎም አያንስም፤ አንዳንዴም ይብሳል፣ ምክንያቱም ስሕተቱ ለዓይን ለስለስ ያለ ነው።

ስለዚህ «እርማት» የሚባል ሥራ በቃልም በገጽም አልቀበልም። ሁለት ገጽ በናሙና አርሜ፣ የፈጀብኝን ሰዓት ቆጥሬ፣ በሰዓት ነው ዋጋ የምሰጠው። ግማሾቹ ይሄዳሉ። የሚቀሩት ግን ናሙናውን ጎን ለጎን አስተያይተው ልዩነቱን ስላዩ ሁለተኛ በዋጋ አይከራከሩም። የኮዬው ወንድማችን ሊይዛቸው የሚገባው እነዚህን ነው፤ ርካሹን ፈልጎ የመጣ ደንበኛ ነገ ከእርስዎ የሚረክስ ሲያገኝ መሄዱ አይቀርም።

ጀማሪ ከቡራዩ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 3፡20

ይቅርታ፣ ታናሻችሁ ነኝ። ለውጭ ደንበኛ በእንግሊዝኛ መጻፍስ? ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ጥቂት ዶላር እንኳ ብዙ ብር ይሆናል ሲሉ እሰማለሁ።

ቀይ እርሳስ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 6፡10

ዶላሩ እውነት ነው፤ መንገዱ ግን ቀዳዳ አለው። ሥራ ፈላጊና አሠሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ ፋይቨር ከምታገኘው ላይ 20 በመቶ ይወስዳል፤ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚተላለፍበት ፔይፓል ደግሞ እዚህ አገር ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግልም። ብዙ ልጆች ውጭ በሚኖር ዘመድ ስም መለያ ከፍተው ይሠራሉ፤ ዘመድ ከተቀየመ ወይም ድርጅቱ ካወቀ ግን የዓመት ሥራና ምስክርነት በአንድ ቀን ይጠፋል። ከመጀመርህ በፊት ገንዘቡ በምን በኩል በራስህ ስም ባንክህ እንደሚገባ አረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ነው የእንግሊዝኛህ ነገር የሚነሣው።

የኮዬ ብዕር
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ከሰበታ፣ የእርስዎን መልእክት ለባለቤቴ ሳነብላት «ይህንን ሰው አንድ ዓመት ቀደም ብለህ ብታገኛቸው ኖሮ» ነው ያለችኝ። የአሥራ አራቱን ወር ገቢም ጻፍኩት፤ የግንቦትና የሰኔ ብቻ ከሌላው አሥራ ሁለት ወር ድምር ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። አንድ ጥያቄ ልጨምር። በብሎካችን ወርኃዊ ዕቁብ አለ፤ በሰኔ ገንዘብ ይዤ ልግባ ብዬ ነበር፣ ግን ሐምሌ ላይ ባልከፍልስ ብዬ ፈራሁ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

የጣፎዋ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 3፡00

ፍርሃትህ ልክ ነው። ዕቁብ ለደመወዝተኛና ለነጋዴ የተሠራ ነው፤ እኛ ከገባን በልኩ መግባት አለብን። እኔ የምጥለው በጣም ደረቅ በሆነው ወር እንኳ ሳልጨነቅ የማወጣውን ያህል ነው፣ ከአማካዩ ገቢዬ ተነሥቼ አይደለም። አንድ ጊዜ በአማካይ አስልቼ ገብቼ ጳጉሜን ላይ ዋሴ የሆነው የእህቴ ባል ከፈለልኝ፤ እስከ ዛሬ በዓል ሲመጣ ያነሣዋል። ሌላው የማደርገው ነገር የሚገባልኝን ሁሉ በአንድ የባንክ ሒሳብ ሰብስቤ፣ በየወሩ በ30 ለራሴ የተወሰነ ደመወዝ በቴሌብር ማስተላለፍ ነው። ሰኔ ላይ ሒሳቡ ሲያብጥ ያ ደመወዝ አይጨምርም። ሐምሌም ላይ አይቀንስም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እጅ ያሳክካል።

የኮዬ ብዕር
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 8፡45

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የቢሮውን ሥራ ሙሉ ጊዜ እንደማልይዝ ነግሬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በውል ልሥራላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ኃላፊዋ «ለአስተዳደር አቅርቤ አሳውቅሃለሁ» አለችኝ፣ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ለመለያ ቁጥሩ ትናንት ጠዋት ሄጄ አሻራ ሰጥቻለሁ።

ለሦስት ነባር ደንበኞቼ ደግሞ ይህንን ላክሁ፦ «ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ የትርጉም ዋጋ የሚታሰበው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ የቃል ቁጥር ሲሆን፣ ድምሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይገለጻል፤ ሲሶው በቅድሚያ፣ ቀሪው ሥራው በተረከበ በ15 ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳብ ይከፈላል። እርማት ሁለት ዙር ነው።» ስልኩ ላይ «ላክ» የምትለዋን ከመንካቴ በፊት ከመስኮቱ ሥር የሚሸጠውን በቆሎ እያየሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሳልቆይ አልቀረሁም።

አንደኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ችግር የለም፣ ደረሰኝ ካለህ ለእኛም ይቀለናል» ብሎ መለሰ። የ14,700 ብሩ ድርጅት ቅድሚያ እንደማይከፍል፣ የቃሉን ቁጥር ግን እንደሚቀበል ጻፈልኝ። ሦስተኛው መልእክቱን አይቶታል፤ እስካሁን ዝም ብሏል። ሰኞ እደውልለታለሁ።